የይሁኔ የክርስትና ስም

አባቴን ደምሌ እሸቴን ያሰቀለው ሰው፣ ልጁን ለወንድሜ ልጅ ባል ሊያደርግ ሽማግሌ የላከው በ1949 ዓ.ም. በጥር፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ በገባ ሰሞን ነው። ሽማግሎቹ አራት ነበሩ። አራቱም ጋቢያቸውን አደግድገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ከወንድሜ ከይርዳው ደጅ ቆሙ። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። «ግራዝማች አለባቸው ደሙ ይድረቅ፣ በልጆቻችን እንታረቅ ይላሉ» አሉ። እዩልኝ እንግዲህ! ያፈሰሰው ሰው ነው ይድረቅ የሚለው።

ይርዳው ደግ ሰው ነው። ደግ ስል እያሞገስሁት አይደለም። ሽማግሌ ደጁ ሲቆም እምቢ ማለት የማይሆንለት፣ በሬው የሰው እህል ቢበላ ከባለእህሉ ቀድሞ የሚያለቅስ ነው። ሽማግሎቹ ከሄዱ በኋላ «እታለም፣ እስከ መቼ?» አለኝ።

«እስክሞት» አልሁት። «ከሞትሁም በኋላ ከተፈቀደልኝ።»

ነገሩን ለማያውቅ ከሥሩ ልናገር። አለባቸው አገሩ ስማዳ፣ ወገዳ ነው። ጣሊያን ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው በበቅሎ ወደ ጋይንት መጣና ከቤታችን ወረደ። እኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። «ቅድመ አያቴ ካሣሁን የይሁኔ ልጅ ነው። ይሁኔ ሾላ ሜዳ ላይ ርስት ነበረው። ድርሻዬን አካፍሉኝ» አለ አባቴን። ሾላ ሜዳ የኛ ማሳ ነው፤ ጥቁር አፈር፣ ገብስም ባቄላም የማይነፍግ። አባቴ ሳቀ። «የዚህ መሬት አባት ወልደ ሰንበት ነው። ይሁኔ የምትለው ሰው ይሁን አይሁን እንኳ የሚያውቅ የለም» አለው። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁ እኔ ነኝ። አለባቸው የቀረበለትን ውሃ እንኳ ሳይጠጣ በቅሎውን ጭኖ ሄደ።

ከዚያ ጣሊያን ገባ። አባቴ ጠመንጃውን ይዞ በረሃ ወረደ፤ አለባቸው ከጣሊያን ምሽግ ገብቶ ባንዳ ሆነ። በ1930 በሰኔ አባቴ የዘር ሰዓት አላስችለው ብሎ ማሳውን ሊያይ ሲመጣ፣ ወታደሮቹን መንገድ የመራ አለባቸው ነው። ዓርብ ቀን፣ አርብ ገበያ ላይ፣ ገበያተኛው እያየ ሰቀሉት። ሦስት ቀን አናስቀብርም አሉን። እኔና እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ከሥሩ ተቀምጠን አሞራ ስንከለክል ዋልን። በአራተኛው ቀን ለአለባቸው ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡት፤ «ሽፍታው ደምሌ ይዞት የነበረው መሬት ለታማኙ ለአለባቸው ተሰጥቷል» የሚል።

ሦስት ዓመት ሾላ ሜዳን በላ። ጣሊያን ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ጠመንጃውን እንደያዘ ከዳና አርበኛ ሆነ፤ ግራዝማችነቱ የዚያ ነው። አገሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አገሩ ሁሉ ደግሞ ግራዝማች ይለዋል።

የጣሊያን ወረቀት የተሻረ ጊዜ አርብ ገበያ ከሸንጎ ቆምን። ዳኛው «ወረቀቱ ቀርቷል፤ እንግዲህ አባት ቁጠር» አሉት። ርስት የሚገኝ በአባት ነዋ! «አለባቸው ተገኘ፣ ተገኘ ውቤ፣ ውቤ ካሣሁን፣ ካሣሁን ይሁኔ» ብሎ ቆመ። «ይሁኔን በዚህ አገር የሚያውቅ አለን?» ሲባል ሸንጎው ጭጭ አለ። እኛ «ደምሌ እሸቴ፣ እሸቴ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ሰንበት» ብለን ቆጠርን፤ ሰባት ሽማግሌ ምሎ አጸደቀልን። መሬታችን ተመለሰ። «መጤ!» ብዬ ከኋላው ጮህሁበት። ዘወር አላለም። አርብ ገበያ ዳር ቤት ሠርቶ፣ እንደ ጨዋ ሰው ተቀመጠ። ደሙን ግን የጠየቀልን የለም፤ ያለፈው አልፏል ተባልን። ለነሱ አልፏል።

እንግዲህ ልጁ ሙላት የወንድሜን ልጅ ዓለምዬን ሲያገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከሁለቱ የሚወለደው ልጅ በእናቱ በኩል ሾላ ሜዳን ይወርሳል። አለባቸው በጣሊያን ወረቀት አግኝቶ በሸንጎ ያጣውን፣ በልጅ ልጁ ሊያገኘው ነው። አባቴ የሞተለትን አፈር የአለባቸው ዘር ሊያርሰው ነው። እኔ ልጅ አልወለድሁም፤ የወለድሁት ይህን ቂም ብቻ ነው። እናም እኔ ቆሜ ሳለሁ ይህ አይሆንም አልሁ።

ዓለምዬ ግን ልቧ ሄዷል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከሙላት ጋር ስትሳሳቅ ራሴ አይቻለሁ። «አክስቴ፣ አያቴ ሲሰቀሉ እኮ ሙላት ጡት ይጠባ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። «የጠባው የማን ሚስት ጡት ነው?» አልኋት። ዓይኗ እንባ ሞላ። አዘንሁላት፤ ያ እንደሆነ ግን ሐሳቤን አላስለወጠኝም።

መንገዱን ያሳየኝ የጋብቻው ወግ ራሱ ነው። ካህኑ ሳያስቆጥር አያጋባም። ሙሽሮቹ ከአንድ አባት ቢገናኙና ሰባት ቤት ካልሞላቸው፣ ጋብቻው ኃጢአት ነውና ይፈርሳል። ይርዳውና ሽማግሎቹ ቆጥረው የሚገናኙበት አባት አጥተዋል። «እነሱ ስማዳ፣ እኛ ጋይንት፤ ምን አገናኝቶን!» አሉ። እኔ ደግሞ ይገኛል አልሁ። ሰው ከአዳም ጀምሮ ዘመድ አይደለም እንዴ? ተፈልጎ የሚታጣ ዘመድ የለም። ስንቄን በአገልግል ቋጥሬ፣ ለይርዳው «አክስታችንን ልጠይቅ ነው» ብዬ ወደ እስቴ ተነሣሁ።

አክስታችን ማሚቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ዓይኗ ጠፍቷል፤ አፏ ግን ደህና ነው። «ስለ ወልደ ሰንበት የምታውቂውን ንገሪኝ» አልኋት። «ወንጌል በብራና አስጽፎ ለቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን የሰጠው ነዋ! ሁለት ወንድ ልጅ ነበረው ይላሉ። አንዱ የኛ አባት፣ ቄሱ። አንዱ ወታደር ሆኖ ከወንድሙ ተጣልቶ ወደ ስማዳ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ስሙን ያነሣው የለም» አለችኝ። ስማዳ ስትል ጆሮዬ ቆመ። «ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። «ደክሞኝ ነው» አልሁ።

ከእስቴ ወደ ወገዳ ወረድሁ። መንገዱ እግር ይበላል። በገበያው ቀን ማር ገዢ መስዬ፣ የአለባቸው አጎት ናቸው ከተባሉ ሽማግሌ ጎን ተቀመጥሁ። ሰው ስለ ዘሩ ሲጠየቅ እንደሚጣፍጠው ማር እንኳ አይጣፍጠው። «የኛ አባት ይሁኔ እንዲህ እንደዋዛ የሚነሣ ሰው እንዳይመስልሽ» አሉኝ። «እዚህ ከወንዙ እስከ ገደሉ ያለው ርስት የሱ ነበር። ጋይንት ቤተ ልሔም ሄደሽ ብትጠይቂ፣ በብራና ያስጻፈው ወንጌል ዛሬም አለ።» ማሩን ሳልገዛ ተነሣሁ። ሁለት ሰው፣ አንድ ወንጌል! ሲመሽብኝ ከሰው ቤት እያደርሁ ቤተ ልሔም ደረስሁ።

መሪጌታ ቀለመወርቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቤተ ልሔም ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። ቄሰ ገበዙ ወንጌሉን ከዕቃ ቤት አውጥተው ሰጧቸው፤ የኔታ መጨረሻው ቅጠል ላይ ያለችውን ጽሑፍ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው በዜማ አነበቡ።

«ዛቲ ወንጌል ዘይሁኔ፣ ወስመ ክርስትናሁ ወልደ ሰንበት፣ ዘወሀባ ለቤተ ልሔም ከመ ትኩኖ መድኀኒተ ነፍስ...»

«በአማርኛ ይንገሩኝ፣ የኔታ።»

«ይቺ ወንጌል የይሁኔ ናት፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። ለነፍሱ መዳኛ ትሁነው ብሎ ለቤተ ልሔም ሰጣት።»

ይሁኔ ወልደ ሰንበት ነው! አንድ ሰው ነው። ቄሱ ልጅ አባቱን በቅዳሴና በፍትሐት በሚጠራበት በክርስትና ስሙ ለልጆቹ አወረሰ፤ ወታደሩ ልጅ ደግሞ በሠፈር በሚጠራበት በዓለም ስሙ። እኛም ስንት ዘመን አንዱን አባት ሁለት አድርገን ስንቆጥር ኖርን። በጣቴ ቆጠርሁ። ዓለምዬ ከሱ አምስተኛ፣ ሙላትም ከሱ አምስተኛ። ሰባት ቤት የት አባቱ! ደስታው ከእግሬ ተነሥቶ አናቴ ላይ ወጣ። እልል ማለት አማረኝ።

«ገና ነው ልጄ፣ ከታች ሌላም አለ» አሉ የኔታ።

«ይበቃኛል የኔታ። ከታች ያለው ውግዘት ነው፣ አውቀዋለሁ። እሑድ ሽማግሎቹ ፊት ይቺን ያንብቡልኝ።»

የኔታ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አነባለሁ። መጽሐፍ ግን ከመካከል አይቆረጥም፤ ካነበብሁ እስከ መጨረሻው ነው። ደግሞም አስቢበት፣ ውብነሽ። ያልተጠየቀ መጽሐፍ ዝም ይላል።» እኔ ለአለባቸው ያዘኑለት መሰለኝ። «አስቤበታለሁ» አልሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሰብሁትን ምን ጨምሬ አስበዋለሁ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ ፊት ተሰበሰብን። አለባቸው ከነልጁ መጥቷል። ሸምግሏል፤ ከዘራ ይዟል። እኔ መስቀል መትቼ ማልሁ፦ «ዓለምዬና ሙላት የአንድ አባት ልጆች ናቸው። የኔ አባት ወልደ ሰንበትና የአለባቸው አባት ይሁኔ አንድ ሰው ነው። ብዋሽ ይቺ ወንጌል ትፍረድብኝ!» ሰው አጉረመረመ። የኔታ አነበቡ። «ይሁኔ፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት» ሲሉ ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ ያንጊዜውኑ አለቀ። «አምስት ቤት ነው፤ አይሆንም» አሉ የዓለምዬ ነፍስ አባት። ልጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ሄደች። ሙላት እንደ ቆመ ቀረ። እኔ አለባቸውን አየሁት፤ ሲቀላ፣ ሲያፍር፣ ሲሸነፍ ለማየት ነው የደከምሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

የኔታ ግን ንባባቸውን አላቆሙም ነበር። «ወርስቱኒ ዘሾላ ሜዳ ይኩን ለክልኤሆሙ ደቂቁ፣ ለወልደ ጊዮርጊስ ወለካሣሁን፣ ዕሩየ።»

አለባቸው ዓይኑን ገለጠ። «የኔታ፣ ይቺን በአማርኛ ይድገሙልኝ።»

«የሾላ ሜዳ ርስቱ ለሁለቱ ልጆቹ፣ ለወልደ ጊዮርጊስና ለካሣሁን፣ እኩል ይሁን ነው የሚለው።»

ከዚያ በኋላ የተነበበውን የሰማ የለም፤ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። አለባቸው በከዘራው ተደግፎ ተነሣ፣ ወንጌሉን ተሳለመ፣ ቀስ ብሎ ወደኔ መጣ። ግንባሬን ሳመኝ። «እህቴ» አለኝ፤ «እግዜር ይስጥሽ።» ደንዝዤ ነበርና ፊቱን እንኳ አልቧጨርሁትም። እሱ ነው ዛሬም የሚቆጨኝ።

በሳምንቱ ክሱን አርብ ገበያ አስገባ። ዳኛው አዲስ ናቸው፤ ምስክር ጠየቁት። «ምስክሬ እህቴ ውብነሽ ደምሌ ናት። በመስቀል ምላ መስክራለች» አለ። ምን ልበል? ማልሁ አላልሁም ልበል? ወንጌሉ አለ፣ ካህናቱ አሉ፣ አገር ሰምቷል። መጤ ያልሁትን ሰው በገዛ አፌ ባለርስት አደረግሁት። ዘር ባይቆጠር ኖሮ በልጅ ልጁ ተስፋ ብቻ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን በቁሙ የሾላ ሜዳን እኩሌታ ተፈረደለት። ገበያተኛው «ውብነሽ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለ ሲሳለቅ በጆሮዬ ሰማሁ። ይርዳው ግን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ድንበር የተተከለው በሚያዝያ ነው። ሽማግሎቹ በገመድ ለክተው ማሳውን ለሁለት ከፈሉት፤ ወጉ ነውና የድንበሩን ድንጋይ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይያዙ ተባለ። ይርዳው አልይዝም ብሎ ዞር አለ። እኔ ያዝሁ። ድንጋዩን ባንድ ወገን እኔ፣ ባንድ ወገን አለባቸው አንሥተን ጉድጓዱ ውስጥ ስናወርድ ጭንቅላታችን ሊጋጭ ተቀራረበ። ሽማግሎቹ ራቅ ብለዋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልሁት። በዕድሜ ታላቄ ቢሆንም አንቱ ብዬው አላውቅም። «ዘመዳችን መሆንህን እያወቅህ አባቴን እንዴት አሰቀልኸው?»

አልካደም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለ ደሙ አንድ ቃል ያልሰጠኝ ሰው አልካደም። «ይሁኔ ብዬ መጣሁ፤ ሳቃችሁብኝ። አንቺም ስትስቂ አይቼሻለሁ። ወገዳ ስመለስ ሳቃችሁ መንገዱን ሙሉ ተከተለኝ» አለ። ትንፋሹ እያጠረ ድንጋዩን በእጁ አደላደለው። «እውነቴን ነበር። ያመነኝ ግን ጣሊያን ብቻ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ያለቅስ ይሆናል። እኔ አፈሩን በእግሬ እየገፋሁ ድንጋዩን ቀበርሁት። እውነት ስለ ነበረው ሰው ያሰቅላል? ስለ ሳቅን አሞራ ይጠራብናል? መበደሉን ባውቅለትም አባቴን አልመለሰልኝም፤ እንዲያውም አባቴ የይሁኔን የክርስትና ስም ባለማወቁ መሞቱን ጨመረልኝ። ሽማግሎቹ ቀርበው «ምን ተባባላችሁ?» ሲሉን «ወንድሜ መረቀኝ» አልሁ። ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ።

በማግሥቱ ቤተ ልሔም ሄድሁ። «የኔታ፣ ያን ቀን ከ‹ዕሩየ› በኋላ ያለው በጫጫታ አመለጠኝ፤ ያንብቡልኝ» አልኋቸው።

«ተይው፣ ልጄ። የደረሰብሽ አይበቃሽም?»

«መጽሐፍ ከመካከል አይቆረጥም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

መነጽራቸውን አድርገው ወንጌሉን ገለጡት። «ወዘወገዳኒ ከማሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ዜማ አልነበረውም። «የወገዳውም እንዲሁ እኩል ይሁን ነው። ይህን ቃል የጣሰ ግን ውጉዝ ይሁን ይላል። አለቀ።»

ወገዳ ያለውን የይሁኔን ርስት፣ ከወንዙ እስከ ገደሉ፣ የአለባቸው ወገን ብቻውን ሲበላው ኖሯል። ጋብቻው ከቀረ ወዲህ ወርዶ የሚያርሰው ሙላት ነው። ዓለምዬ ይህን ስትሰማ ከሽማግሎቹ ጉባኤ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረችኝ። እግሬ ላይ ወደቀች። «አክስቴ፣ እኔን አስቀረሽበት፤ መሬቱ ላይ እንኳ ይኑር። በእመቤቴ ይዤሻለሁ» አለችኝ። ልጅቱ በሁለት ወር ውስጥ ግማሽ ሆናለች። ፀጉሯን ዳበስሁት፤ እወዳታለሁ። «ተነሺ ልጄ» አልኋት። ከዚያ ስንቄን ቋጥሬ ወደ ወገዳ ወረድሁ።

የወገዳው ሸንጎ ጸሐፊ ብዕሩን እየነከረ «የተከሳሽ ስም?» አለኝ። «ግራዝማች አለባቸው ተገኘ» አልሁ።

«ከሳሽስ?»

«እህቱ» አልሁ፤ «ውብነሽ ደምሌ።»